ፀሐይ በጠፋበት ቀን የውሃ ወፎችን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ክረምት በገባ ቁጥር ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቻችን መካከል ካሜራ ያላቸው ሁሉ ካሜራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በቁም ሣጥን ውስጥ ያኖሩታል። ምክንያቱን የጠየቅናቸው እንደሆነ፤ «ፀሐይ ሳይኖር ምን ይነሣል?» ይሉናል። ከዚያም እስከ መስከረም ድረስ ሰማዩን እያሙ ይቀመጣሉ። እኛም እንደ እነርሱ ሰማዩን ስናማ ብዙ ክረምት አሳልፈናል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. በሥራ ምክንያት ወደ ሐዋሳ ተዛውረን ከሐይቁ አጠገብ መኖር ከጀመርን ወዲህ ይህ አስተያየታችን ተለውጧል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጽፈው ደመና በከበደበት ቀን የሚጠናኑ የውሃ ወፎችን በፎቶግራፍ ስለ ማንሣት፤ እንዲሁም በዚሁ ሥራ ላይ ሳለን ስላደረግነው አንድ ጥፋት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት፤ አማርኛን በትምህርት በማዳበር ላይ ለሚገኙ አንባቢዎቻችን ስለ ቃላት ጥቂት እንበል። ወንድና ሴት ለትዳር ተፈላልገው አንዱ የሌላውን ጠባይ ሲመረምር «ተጠናኑ» ይባላል። ሽማግሌ ተልኮ ቃል ሲተሳሰሩ ግን «ተጫጩ» ይባላል። ወፎች ሽማግሌ ስለማይልኩ ለእነርሱ የሚስማማው የፊተኛው ቃል ነው። ስለ ክረምት ሰማይም ቢሆን አማርኛ ቃል አያጣም። ዝናቡ እንደ ዱቄት የደቀቀ ሲሆን «ካፊያ»፤ ያለማቋረጥ በኃይል ሲወርድ «ዶፍ»፤ ደመናው መሬት ነክቶ ዓይን ሲጋርድ «ጉም» ይባላል። ሳይዘንብም ሳይጠራም፤ ብርሃኑ የታመመ መስሎ የዋለ እንደሆነ ደግሞ «ሰማዩ ጭፍግግ ብሏል» እንላለን። የዛሬው ጨዋታችን የሚፈጸመው በዚህ ጭፍግግ ባለው ሰማይ ሥር ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ጥቁር ውሃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፤ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ግን የለውም። ይህም ሆኖ ውሃው ጨዋማ ስላልሆነ በዳርቻው ቄጠማና ፊላ በብዛት ይበቅልበታል፤ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው የውሃ ዕፀዋትም ይንሳፈፉበታል። አሞራ ገደል በተባለው ስፍራ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲያራግፉ፤ አባ ኮዳዎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ በዝግታ እየተራመዱ ትራፊውን ይጠብቃሉ። በከተማው በኩል ያለው ዳርቻ ደግሞ «ፍቅር ሐይቅ» ይባላል። ስሙ እንደሚያመለክተው፤ ወደ ማታ ገደማ ወጣቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይመላለሱበታል፤ ፎቶግራፍ አንሺዎችም ይከተሏቸዋል። ከእነርሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ በቅጠሎቹ ላይ የሚደረገውን ሌላውን መጠናናት የሚመለከት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ዓይናችን ያረፈባት ወፍ በሊቃውንት ዘንድ ጃካና ትባላለች። ሰውነቷ ቀላ ያለ ቡናማ፤ የአንገቷ ፊት ነጭ፤ ማጅራቷ ጥቁር ሲሆን፤ ከግንባሯ ላይ ሰማያዊ ጋሻ የመሰለ ነገር አለባት። የእግሯ ጣቶችና ጥፍሮች ከመጠን ያለፈ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቷን ይከፋፈሉላታል። ስለዚህ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ፤ እኛ በምንጣፍ ላይ እንደምንራመድ፤ ሳትሰጥም ትራመዳለች።

ከመልኳ ይልቅ የሚያስደንቀው የቤተሰቧ ሥርዓት ነው። ሴቲቱ በአካል ከወንዱ ትበልጣለች። አንዲቱ ሴት ከብዙ ወንዶች ጋር ትወልዳለች፤ ክልሏንም ከሌሎች ሴቶች ትከላከላለች። ጎጆውን የሚሠራው ወንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት የሚሆኑትን ዕንቁላሎች ከሦስት ሳምንት ለሚበልጥ ጊዜ የሚታቀፈውም ወንዱ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ የመጣ እንደሆነ፤ በክንፎቹ ሥር ሸጉጧቸው ይነሣል፤ በዚያን ጊዜ ከክንፎቹ ሥር የተንጠለጠሉት ቀጫጭን እግሮቻቸው ብቻ ይታያሉ። ይህን አንድ ቀን በራት ጊዜ ለቤተሰባችን ስናወራ፤ ባለቤታችን አንድም ቃል አልተናገረችም። ፈገግ ብላ የሚያለቅሰውን ሕፃን አንሥታ ሰጠችን እንጂ።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። በ2014 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፤ ለሥራው ገና አዲስ ሳለን፤ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ያላቸውን ጀልባ ተከራይተን ወደ ቅጠሎቹ ቀዘፍን። ሁለት ጃካናዎች በመጠናናት ላይ ነበሩ። ወንዱ የራሰ ቄጠማ በምንቃሩ እየጎተተ ይከምራል፤ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ይጮኻል። ሴቲቱም አንድ ጊዜ ቀረብ፤ አንድ ጊዜ ራቅ እያለች ታየዋለች። ብርሃኑ ደካማ ስለ ነበረና ካሜራችንም ከሩቅ ስላልያዘልን፤ መድኃኒቱ መቅረብ ብቻ መሰለን። ቀረብን፤ በረሩ። ሲመለሱ እንደገና ቀረብን፤ እንደገና በረሩ። በዚያ ቀን ያገኘነው ፎቶግራፍ የሁለት ጥላዎች ጭረት ይመስል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰን ስንሄድ ዕንቁላል ተጥሎ ወንዱ ታቅፎ አገኘነው። ሰማዩ ጭፍግግ እንዳለ ነበር፤ ካፊያም ጀምሮ ነበር። ጀልባችን ስትቀርብ ወንዱ ተነሥቶ ራቅ ብሎ በቅጠሎቹ ላይ መመላለስና መጮኽ ጀመረ። እኛም «ብርሃኑ ጥቂት ይሻሻል ይሆናል፤ እርሱም ይመለስ ይሆናል» በማለት ከዚያው ቆምን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተን ይሆናል። ብርሃኑም አልተሻሻለም፤ ወፉም አልተመለሰም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠን ጀልባዋን ስናዞር፤ ከግራር ላይ ተቀምጦ ሁላችንንም ሲመለከት የነበረ አንድ ቁራ ቀደመ። ወንዱ እየጮኸ ደርሶ ክንፉን ቢያርገበግብም የሆነው ሁሉ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው መቅዘፋቸውን ሳያቋርጡ፤ «ልጄ፤ እሱ እኮ እኛ እስክንሄድለት ነበር የሚጠብቀው» አሉን።

ያ የባዶ ጎጆ ፎቶግራፍ ዛሬም በእጃችን ይገኛል፤ ለማንም አሳይተነው አናውቅም። የፎቶግራፍ ዋጋ በገንዘብና በድካም ይከፈላል ሲባል እንሰማለን። በዚያ ቀን የእኛን ዋጋ የከፈለው ግን ወፉ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቀደምት ሰዎች ይህን ሥራ እንዴት ይሠሩት እንደ ነበረ ለማወቅ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን። እንግሊዛዊው ሊቅ ጁልያን ሐክስሊ በ1912 እ.ኤ.አ. የጸደይ ወራት ትሪንግ በተባለ ስፍራ ካሉት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ዳር ተቀምጦ፤ ጉትዬ ያላትን አንዲት ጠላቂ የውሃ ወፍ መጠናናት ይከታተል ነበር። ወንዱና ሴቲቱ ፊት ለፊት ሆነው ራሳቸውን ሲነቀንቁ፤ ከዚያም ጠልቀው የውሃ አረም በምንቃራቸው ይዘው ሲወጡና ደረት ለደረት ተገጣጥመው በውሃው ላይ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አየ። ያየውንም በ1914 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አወጣው፤ ጽሑፉም እስከ ዛሬ ድረስ የወፎችን ጠባይ ለሚያጠኑ ሰዎች መሠረት ሆኖ ይጠቀሳል። ይህ ሰው ኋላ በ1946 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ የመጀመሪያ ዋና ዳይሬክተር ሆኗል። በትሪንግ ሳለ ግን ዋናው ሀብቱ የርቀት መነጽር፤ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ነበር።

ከእርሱም በፊት ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ወፎችን ሳያስደነግጡ ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲሉ ሰው ሠራሽ በሬ አሠርተው በሆዱ ውስጥ ይደበቁ ነበር። የዚያን ዘመን ካሜራ ከባድና ዘገምተኛ ነበር። በእጃችን ያለው ካሜራ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አሥር ጊዜ ያነሣል። የመሣሪያው ፍጥነት በጨመረ መጠን የባለቤቱ ትዕግሥት እንደሚቀንስ በራሳችን አይተነዋል።

እንግዲህ ጭፍግግ ያለው ብርሃን በእርግጥ ጠላት ነውን? ፀሐይ በቀትር ጃካናን ስትመታ፤ ነጩ አንገት እንደ ኖራ ያበራል፤ ጥቁሩ ማጅራት እንደ ከሰል ይጨልማል። ካሜራው ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቸግረዋል፤ የውሃውም ነጸብራቅ ሌላ ችግር ይጨምራል። ደመና ግን እንደ ነጭ ነጠላ በሰማይ ላይ ተዘርግቶ ብርሃኑን ያጣራዋል። በዚያን ጊዜ የነጩም ላባ፤ የጥቁሩም ላባ ዝርዝር ይታያል፤ የቡናማው ቀለም ጥልቀት ይገለጣል። ደመና የሚነሣን የብርሃኑን ብዛት ብቻ ነው፤ ለዚህም መላ አለው።

የመጀመሪያው መላ ካሜራው እንዳያታልለን መጠንቀቅ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ለማድረግ ይጥራል። ከወፏ ኋላ ደመና ያንጸባረቀበት ነጣ ያለ ውሃ ካለ፤ ካሜራው «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ያጨልመዋል፤ ወፏም እንደ ጥላ ትቀራለች። ስለዚህ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጠቅመን ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ደረጃ ብርሃን እንጨምራለን። ነጭ ሳቢሳ በጠቆረ ፊላ ፊት የቆመ እንደሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ላባው ተቃጥሎ እንዳይጠፋ ብርሃን እንቀንሳለን።

ሁለተኛው መላ ከፍጥነት የሚገኝ ነው። ቆማ አንገቷን ለምትሰብቅ ወፍ የአንድ ሴኮንድ 250ኛ እጅ ይበቃል። ለሚራመዱና ለሚጎነበሱ 500ኛ እጅ፤ ክንፍ ለሚያርገበግቡ ደግሞ 1,000ኛ እጅ ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። ይህን ፍጥነት ለማግኘት የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው እንከፍታለን፤ አይ ኤስ ኦ የሚባለውንም የብርሃን መቀበያ ኃይል ወደ 1,600 ወይም ወደ 3,200 ከፍ እናደርጋለን። በዚህ ጊዜ ሥዕሉ ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስል ነገር ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ፈርቶ ፍጥነቱን ይቀንስና የተንቀጠቀጠ ሥዕል ይዞ ይገባል። አሸዋ የመሰለውን ነገር ኋላ ማለስለስ ይቻላል፤ የተንቀጠቀጠውን ግን ማንም አያቃናውም።

ሦስተኛውን መላ የሚያስተምሩን ወፎቹ ራሳቸው ናቸው። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻውን አንቀጥቅጦ አንቀጥቅጦ ለአንድ አፍታ ቀጥ እንደሚል ሁሉ፤ የሚጠናኑ ወፎችም በእንቅስቃሴያቸው መካከል የሚገቱበት ቅጽበት አላቸው። ወንዱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሲጨርስ፤ ከመቅናቱ በፊት ይቆማል። በዚያች ቅጽበት ያነሣ ሰው በደካማ ብርሃንም ቢሆን ጥርት ያለ ሥዕል ያገኛል። ቅጽበቲቱን ለማወቅ ግን ካሜራውን አስቀምጦ ብዙ ጊዜ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። እኛ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ምንም ሳናነሣ ስንመለከት ውለን እናውቃለን፤ ከዚያ የበለጠ ትምህርት ያገኘንበት ቀን የለም።

አራተኛው መላ ርካሽ ነው። ባቄላ የተሞላ ከረጢት በመሬት ላይ አኑረን ሌንሱን እናስደግፍበታለን፤ በደረታችንም ተኝተን ከውሃው ወለል እኩል እንሆናለን። ወፏን ከላይ ወደ ታች ከማየት ይልቅ በቁመቷ ልክ ስናያት ሥዕሉ ሕይወት ይኖረዋል። ለካፊያው የዳቦ ፌስታል ቀዶ ማልበስ ይበቃል። ልብስ ይጨቀያል፤ ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት የሚለበሰውን ሱሪ መተው ይሻላል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የምናስቀምጠው ደንብ ግን አለን፤ እርሱም ወደ ወፏ አለመሄድ ነው። ገና ሳይነጋ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፤ ቦታችንን ይዘን እንቀመጣለን፤ ወፎቹ በፈቃዳቸው ይመጣሉ፤ ወይም አይመጡም። አንገቷን ቀጥ አድርጋ ሥራዋን ያቆመች ወፍ አይታናለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አንንቀሳቀስም። ደጋግማ የጮኸች እንደሆነ ቦታውን እንለቃለን። ሥዕሉ ጥርት እንዲል ብለን ጎጆውን የሸፈነውን ቄጠማ አንቆርጥም። በታቀፈ ወፍ አጠገብ አንቆምም። የተቀዳ የወፍ ድምፅ አሰምተንም አናታልላቸውም፤ ለመጠናናት ያላቸው ጊዜና ጉልበት የተወሰነ ነውና።

በዚህ ደንብ ስንቀመጥ ያልፈለግነውንም ሀብት አግኝተናል። በሐይቁ ዳር ከኋላ በተንጨፈረረ ላባዋ ምክንያት ራሷ መዶሻ የሚመስል አንዲት ቡናማ ወፍ ትኖራለች። ጎጆዋን ከጭራሮና ከጭቃ በዛፍ ላይ ትሠራለች፤ ስፋቱም ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥበት ጊዜ አለ። እነዚህ ወፎች ብዙ ሆነው ይሰበሰቡና ላባቸውን አቁመው፤ እየጮኹ፤ አንዷ ሌላዋን ተከትላ በክብ ይሯሯጣሉ፤ አንዷም በሌላዋ ጀርባ ላይ ለጨዋታ ያህል ትወጣለች። ፀሐይ ባለበት ቀን ቡናማ ላባቸው ደረቅ ጭቃ ይመስላል። ጭፍግግ ባለ ቀን ግን ወይን ጠጅ የነካው የሚመስል ልዩ ጥላ ይታይበታል። ይህን ያየነው ከተኛንበት ሳንነሣ ነው።

ባለፈው በ2017 ዓ.ም. ክረምት ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሰን አራት ቅዳሜዎች በዳር ተኛን። በሦስቱ ምንም አላገኘንም። በአራተኛው ቀን ወንዱ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቄጠማ በምንቃሩ ይዞ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ሴቲቱም ዘወር ብላ አየችው። ከኋላቸው ያለው ውሃ ብርማ ግራጫ ነበር፤ የደመናው ጥላም በላዩ ያልፍ ነበር። ቀጥ ባሉባት ቅጽበት አንድ ጊዜ፤ ሁለት ጊዜ፤ ሦስት ጊዜ አነሣን። ይህን ሥዕል ለሽማግሌው ባለ ጀልባ አሳየናቸው። ዓይናቸውን አጥብበው ካዩት በኋላ፤ «ዛሬስ አላያችሁም» አሉን። «እናንተ አላያችሁትም» ማለታቸው አልነበረም፤ ወፉ እኛን አላየንም ማለታቸው ነበር። ስለ ፎቶግራፋችን ከሰማነው ምስጋና ሁሉ ይህ ይበልጥብናል።

ከአንድ ወር በኋላ የዘጠኝ ዓመት ልጃችንን ይዘን ሄድን፤ ርቀን በመንገዱ ዳር ቆመን መነጽሩን ሰጠናት። ካፊያው በርትቶ ስለ ነበር ካሜራው ከከረጢቱ አልወጣም። አንድ ጭልፊት በላይ ሲያልፍ ወንዱ ጃካና ጎንበስ ብሎ ክንፎቹን ከፈት አደረገ፤ ወዲያውም ቀና ብሎ በቅጠሎቹ መካከል በፍጥነት ተራመደ። ልጃችን መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሣ ስትቆጥር ቆየችና፤ «አባዬ፤ ይህ ወፍ አሥር እግር አለው!» አለች።

አራቱም በክንፉ ሥር ነበሩ። ስለዚህ ውድ አንባቢያችን፤ ካሜራዎን ከቁም ሣጥን ያውጡት፤ ሰማዩንም ማማት ይተዉ። ጥቂት ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ የቀረውን ደመናውና ወፎቹ ያደርጉታል።